ለሐዘንተኛ ስለሚዘረጋ ካርታ፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ወዳጆቼ ሲቀባበሉት የቆየ አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደረሰና ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጽሑፉ ስለ ታሮት ካርታ (ጠያቂ ፊት እየተዘረጉ ስለሚነበቡ 78 ባለ ሥዕል ካርታዎች) ሲሆን፣ ሐዘን፣ ፍቺ፣ ሕመም ወይም የጽንስ መጨንገፍ ደርሶበት ለሚመጣ ሰው የትኛው የካርታ ጥቅል እንደሚስማማ ይመክራል። የጸሐፊዋ ምክር ባጭሩ ሲቀመጥ ይህን ይመስላል፦ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ፣ መላእክትና እንስሳት የሞሉበት ለስላሳ ጥቅል ይመረጥ፤ የሚያስፈሩት ካርታዎች አስቀድመው ይውጡ፣ ወይም ስማቸው የተለወጠበት ጥቅል ይፈለግ፤ ታሮት ከጥንት ግብፅ ካህናት የወረደ ጥበብ መሆኑ ለጠያቂው ይነገረው፤ የራስን ጥቅል በራስ ገንዘብ መግዛት አይገባም፤ ጥቅሉ በእጣን ይታጠን፤ የተገለበጠ (ተዘቅዝቆ የወጣ) ካርታ መልሱን ስለሚያጠራው አይዘለል፤ በመጨረሻም ትክክለኛው ጥቅል በእጅ ከገባ በሕመምና በሞት ጉዳይ እንኳ የማይጠየቅ ጥያቄ የለም።

እኔ ለንደን ውስጥ ለ11 ዓመት ያህል ካርታ ስዘረጋ ኖሬአለሁ፤ ከሚመጡልኝም ሰዎች የሚበዙት የአገሬ ልጆች ናቸው። ካርታ ነገን ያውቃል ብዬ አላምንም። የማምነው፣ ሰው ሥዕል ፊቱ ሲዘረጋለት ሳይናገር የከረመውን ነገር መናገር እንደሚቀለው ነው። የጸሐፊዋን ቅን ልብ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ምክራቸው እንዳለ ቢሠራበት ሊጠብቁት ያሰቡትን ሰው እንደሚጎዳ በዐይኔ ስላየሁ ነጥብ በነጥብ መመለስ ግድ ሆነብኝ።

ከለስላሳው ጥቅል ልጀምር። ጸሐፊዋ ጨካኝ ብለው የሚያስወግዱት ጥቅል በአርተር ኤድዋርድ ዌይት አሳቢነትና በፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ሥዕል በ1909 (የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ውስጥ በራይደር ማተሚያ ቤት የወጣው ነው። ስሚዝ ለዚያ ሁሉ ሥራ የተከፈላት ጥቂት ገንዘብ እንደነበር ራሷ በደብዳቤ ጽፋለች፤ ዛሬ በዓለም ላይ ከሚሸጡት ጥቅሎች ብዙዎቹ ግን የእርሷን ሥዕል የሚከተሉ ናቸው። እውነት ነው፣ በዚህ ጥቅል ውስጥ ሐዘን አልተሸፈነም። ዘጠኝ ሰይፍ በሚባለው ካርታ ላይ አንድ ሰው ሌሊት ከአልጋው ተነሥቶ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ይታያል። በአምስት ጽዋ ላይ ጥቁር ካባ የለበሰ ሰው ሦስት የተደፉ ጽዋዎችን አቀርቅሮ ይመለከታል፤ ሁለት ያልተደፉ ጽዋዎች ከኋላው ቆመዋል፤ ራቅ ብሎም ድልድይ አለ። በአምስት ሳንቲም ላይ ሁለት ችግረኞች ብርሃን በሚታይበት ባለቀለም መስኮት ሥር በበረዶ ውስጥ ያልፋሉ። ጸሐፊዋ እነዚህን ሥዕሎች ሲያዩ የሚታያቸው ጭካኔ ነው፤ እኔ ግን ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳልሆነ የሚያሳዩ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ።

ይህን የተማርኩት ከስሕተቴ ነው። እናቷ አገር ቤት ያረፉባትና ወረቀቷ ስላላለቀ ለቀብር መሄድ ያልቻለች አንዲት ሴት መጥታ ነበር። እኔም ያን ጊዜ ልክ እንደ ጸሐፊዋ አስቤ፣ ሮዝና ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ክንፍ ያላቸው ፍጥረታት የሚስቁበት አዲስ ጥቅል ገዝቼ ስለነበር እርሱን ዘረጋሁላት። ጥቂት ተመለከተችና፣ «እነዚህ ሁሉ የሚስቁት ምን አግኝተው ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አሮጌውን ጥቅል አምጥቼ ካርታዎቹን ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጌ አሰጣኋቸውና ራሷ እንድትመርጥ ነገርኳት። አምስት ጽዋን አነሣች፤ የተደፉትን በጣቷ እየነካች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ቆጠረች፤ ከዚያም ማልቀስ ጀመረች። ከኋላ የቆሙትን ሁለት ጽዋዎች በዚያ ቀን አላየቻቸውም፤ እኔም አላሳየኋትም። ከሣምንታት በኋላ ስትመጣ በመጀመሪያ የነገረችኝ ስለ እነርሱ ነበር።

ከዚህ የሚብስ ችግርም አለ። ጸሐፊዋ አስፈሪ ያሏቸው ካርታዎች ስምንት ናቸው፦ ሞት፣ ዲያብሎስ፣ በመብረቅ የሚፈርሰው ግንብ፣ ሦስት፣ ዘጠኝና አሥር ሰይፍ፣ አምስት ጽዋና አምስት ሳንቲም። የቀሩት 70 ካርታዎች ማንንም እንደማይጎዱ ተቆጥሯል። ጽንሷ የወረደባት ሴት ፊት ግን ሞት የሚባለው ካርታ ወጥቶ ብዙም ሳይሰማት ቀርቶ፣ እቴጌዋ ስትወጣ ወንበሯን ገፍታ የተነሣችበትን ቀን አልረሳውም። እቴጌዋ በብዙ ካርታ አንባቢዎች አፍ የእርግዝና ካርታ ናት። ፀሐይ የሚባለው ካርታ በነጭ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሕፃን ያሳያል፤ አሥር ጽዋ ባልና ሚስት ተቃቅፈው ቆመው ሁለት ልጆች ሲጨፍሩ ያሳያል። እነዚህ በማንም ዝርዝር ውስጥ እንደ ክፉ ካርታ አይገቡም። ጸሐፊዋ የሚያወድሷቸው ለስላሳ ጥቅሎች ደግሞ ከዳር እስከ ዳር የተሞሉት በእናትና በልጅ፣ በተቃቀፉ ጥንዶችና በሙሉ ቤተሰብ ነው። ባሏ ጥሏት የሄደች ሴት ከአሥር ሰይፍ ይልቅ የምትፈራው እነዚህን ነው።

ስድስት ሰይፍም እንዲሁ ነው። በሥዕሉ ላይ አንድ ቀዛፊ፣ ራሷን የተከናነበች ሴትና አንድ ልጅ በጀልባ ተቀምጠው ወደ ማዶ ይሻገራሉ። ካርታ መማሪያዎች ከሁከት ወደ ጸጥታ መሻገር ነው ይሉታል፤ የዋህ ካርታ ነው። ከሊቢያ ተነሥቶ ባሕሩን በጀልባ የተሻገረ ሰው ግን ይህን ሥዕል ሲያይ የሚያስበው ጸጥታን አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ብርቅ ስላልሆነ፣ አማርኛ ለሚያነብ ሰው ምክር የሚጽፍ ሁሉ ይህን ቢያስብበት መልካም ነበር። ስለዚህ ጉዳት የማያደርስ ጥቅል አስቀድሞ በመደብር ሊገኝ አይችልም፤ የሚጎዳው ካርታ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ጠያቂው ብቻ ነው። እኔ ጽንሷ ከወረደባት ከዚያች ሴት ወዲህ የያዝኩት ልማድ፣ ከመጀመሬ በፊት ጥቅሉን ለጠያቂው ሰጥቼ ካርታዎቹን አንድ በአንድ እንዲያገላብጥና ማየት የማይፈልገውን ራሱ እንዲያወጣ መፍቀድ ነው። አብዛኛው ሰው አንድም አያወጣም፤ መፈቀዱ ብቻ ይበቃዋል።

እዚህ ላይ ጸሐፊዋ የዘለሉትን አንድ ነገር ልጨምር። የእውነት ለስላሳ ጥቅል የሚፈልጉ ከሆነ ደረቅ ነው ብለው የናቁት የማርሴይ ታሮት ይሻላቸው ነበር። በዚህ የፈረንሳይ ጥቅል ሦስት ሰይፍ ማለት ሁለት የተጠማዘዙ ሰይፎችና በመካከላቸው አንድ ቀጥ ያለ ሰይፍ፣ ዙሪያቸውንም ቅጠል ማለት ነው፤ የሚያለቅስም የሚስቅም ሰው የለበትም። በሦስት ሰይፍ የተወጋ ልብ በስሚዝ ጥቅል ውስጥ የገባው ከሌላ ምንጭ ይመስላል። በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በኢጣሊያ የተሠራው የሶላ ቡስካ ጥቅል ያንኑ የመሰለ ልብ አለው፤ ፎቶግራፎቹም ከ1907 ጀምሮ እዚሁ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኙ ነበር። የማርሴይ ጥቅል ጉድለቱ ካርታ አንባቢው ብዙ ማወቅ እንዳለበት ነው፤ ሥዕሉ ሥራውን አይሠራለትም።

ካርታ ስለማውጣት የተሰጠው ምክር በሒሳብም አይጸናም። የጸሐፊዋን ስምንት ካርታዎች እንዳሉ እንቀበልና ከ78ቱ ውስጥ አንድ ብቻ ቢሳብ ከስምንቱ አንዱ የመውጣቱ ዕድል ከመቶ 10 ገደማ ነው። ሦስት ሲሳብ ቢያንስ አንዱ የመውጣቱ ዕድል ከመቶ 28 ገደማ ይሆናል፤ የኬልቲክ መስቀል በሚባለው የአዘረጋግ ዓይነት አሥር ካርታ ሲሳብ ደግሞ ከመቶ 68 ገደማ ይደርሳል። ልቡ ለተሰበረ ሰው አሥር ካርታ መዘርጋት ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ከእነዚህ ካርታዎች ጋር ማገናኘት ነው ማለት ይቻላል። እንግዲህ ጥንቃቄው ከሆነ የታሰበው፣ ጥቅሉን ከማጉደል ይልቅ የሚዘረጋውን ማሳነስ ይቀድማል። እኔ በሐዘን ጉዳይ ከሦስት አላልፍም፤ ብዙ ጊዜም በአንድ አቆማለሁ።

በነገራችን ላይ ጸሐፊዋ የሚመኙት ዓይነት ጥቅል በአጋጣሚ ተፈጥሯል። በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ለሚላን መሳፍንት የተሣለው የቪስኮንቲ ስፎርዛ ጥቅል 74 ካርታዎች ደርሰውናል፤ የጎደሉት አራቱ ዲያብሎስ፣ ግንቡ፣ ሦስት ሰይፍና የሳንቲም ፈረሰኛ ናቸው። የፈረሰኛው ጥፋት ምን እንደነበር አይገባኝም። የተረፉት ኒው ዮርክ ባለው የሞርጋን ቤተ መጻሕፍት፣ ቤርጋሞ ባለው የካራራ አካዳሚና በአንድ የኢጣሊያ ቤተሰብ እጅ ተከፋፍለው ስለሚኖሩ ለጠያቂ ለመዘርጋት አይመቹም።

ስማቸው ስለተለወጠ ካርታዎች ጸሐፊዋ የሚያነሡት ምሳሌ ሞት የሚለው ስም መልቀቅ ወይም መፈታት ተብሎ የታተመባቸው ጥቅሎችን ነው። እኛ ግን ስለ ሞት መንገርን ከመርዶ የተማርን ሰዎች ነን። መርዶ ነጋሪዎች ቃሉን አይለውጡትም፤ ማለዳ ይመጣሉ፣ ዘመድ ይሰበስባሉ፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ያደርጋሉ፣ ቀጥለውም ሞተ ይላሉ። የሚጠነቀቁት ለሰዓቱ፣ ለቦታውና ለሚከበው ሰው ነው። አባቱ ከሞተ ሁለት ወር ላልሞላው ሰው የመፈታት ካርታ ወጣልህ ማለት ግን፣ እርሱ ያለበትን ነገር ስም ለመጥራት ካርታ አንባቢው እንደፈራ መንገር ነው። ደግሞም የስሚዝ ሥዕል ከስሙ ይልቅ ርኅሩኅ ነው፤ አፅሙ በነጭ ፈረስ ሲመጣ ንጉሥ ወድቆ ጳጳስ ሲለምን፣ ሕፃኑ ግን ቀና ብሎ ያየዋል፤ በስተኋላም በሁለት ግንቦች መካከል ፀሐይ አለች። በማርሴይ ጥቅሎች 13ኛው ካርታ አብዛኛውን ጊዜ ስም አልተጻፈበትም፤ ስሙን ቢተዉትም ሥዕሉን ግን አልሸፈኑትም።

ስም የእውነት አደጋ የሚሆንበትን ቦታ ግን ጸሐፊዋ አልነኩትም። አሌስተር ክራውሊና ሌዲ ፍሪዳ ሃሪስ ያዘጋጁት፣ ከሁለቱም ሞት በኋላ በ1969 ጥቅል ሆኖ የታተመው የቶት ታሮት በትናንሾቹ (በሰይፍ፣ በጽዋ፣ በሳንቲምና በበትር) ካርታዎች ግርጌ ቃል ያትማል፦ በሦስት ሰይፍ ላይ ሐዘን፣ በዘጠኝ ሰይፍ ላይ ጭካኔ፣ በአሥር ሰይፍ ላይ ጥፋት። ሥዕሎቹ አብዛኞቹ ሰው የሌለባቸው የቅርጽና የቀለም ድርድሮች ስለሆኑ ጸሐፊዋ ለስላሳ መስለዋቸው ይሁን አይሁን ባይገልጹም ጥቅሉን ከሚመከሩት መካከል አስገብተውታል። ሥዕል ብዙ ፊት ስላለው ጠያቂው የሚጠጋበት ጥግ አያጣም፤ ጥፋት የሚል የታተመ ቃል ግን እንደ ፍርድ ይቆጠራል። እንግሊዝኛ ለሚያነብ ሐዘንተኛ ልሰጠው የማልደፍረው ጥቅል ቢኖር ይህ ነው፤ ለራሴ ግን እወደዋለሁ።

በአማርኛ ለምንሠራ ደግሞ ሌላ ሸክም አለ። ታላላቆቹ በሚባሉት፣ እንደ ሞትና እቴጌዋ ባሉት 22 ካርታዎች ላይ የታተመውን የእንግሊዝኛ ስም ጠያቂው ጠይቆን በአፋችን እንተረጉመዋለን። በእግሩ ቁልቁል የተንጠለጠለውን ሰው «የተሰቀለው» ብንለው ለአንዱ የክርስቶስን ስቅለት፣ ለሌላው ራሱን ያጠፋ ዘመዱን ያስታውሰዋል። ዲያብሎስ የሚለውን ካርታ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከጸሎት ኅብረት ተደብቆ የመጣ፣ መምጣቱንም እንደ ኀጢአት የሚቆጥር ሰው ፊት ስሙን መጥራት ምን እንደሚያስከትል ለአገሬ ሰው መንገር አያሻኝም። በዚህ ረገድ የስሚዝ ጥቅል አንድ የማይነገርለት ጥቅም አለው፤ ከሁለት እስከ አሥር ባሉት ትናንሽ ካርታዎች ላይ ከሮማ ቁጥር በቀር ቃል የለም። ስለዚህ ጥንቃቄ ለሚሻ ጉዳይ ታላላቆቹን ለብቻ አስቀምጬ በቀሩት 56ቱ ብቻ የምሠራበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህም ካርታ ማውጣት አይደለምን ለሚለኝ፣ ነው እላለሁ፤ ልዩነቱ በቋንቋው ምክንያት መሆኑና ለጠያቂው ተነግሮት መደረጉ ነው።

የግብፁን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ታሮት በ15ኛው መቶ ዘመን በሰሜን ኢጣሊያ የተጀመረ የካርታ ጨዋታ ነው፤ ሰዎች ያሸንፉበትና ይሸነፉበት ነበር። ከግብፅ ካህናት የወረደ ነው የሚለውን ታሪክ ያስፋፋው ፓሪስ ላይ በ1781 የጻፈው ኩር ደ ዤብላን ነው፤ ያን ጊዜ የግብፅን ጥንታዊ ጽሕፈት ማንበብ የሚችል ሰው በአውሮፓ አልነበረም፤ ሻምፖልዮን የፈታው በ1822 ነው። ታሪኩ ስሕተት መሆኑ አንድ ነገር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ጸሐፊዋ ይህን ለጠያቂው ንገሩት ማለታቸው ነው። ልቡ የተሰበረ ሰው ያለዚያም በቀላሉ ያምናል፤ ከፊቱ ያለው የአምስት ሺህ ዓመት ሥልጣን ያለው ቃል ነው ከተባለ፣ ይህ የእኔ አይመስለኝም ለማለት ድፍረት ከየት ያገኛል?

ጥቅልን በስጦታ እንጂ በግዢ አታግኙ የሚለው ክርክር አያስፈልገውም። እንዲያውም ሌላ ሰው የመረጠልህ ጥቅል ለሐዘንተኛ ከመዘርጋቱ በፊት ይበልጥ ሊመረመር ይገባዋል። እጣን ቢታጠን ደግሞ አይጎዳም፤ ቤቱ ጥሩ ይሸታል።

የተገለበጠ ካርታ መልሱን ያጠራል የተባለው ለተራ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በሐዘን ቤት ግን እኔ ሁሉንም አቀናቸዋለሁ። ምክንያቴ ቀላል ነው፤ ከላይ እንደጻፍኩት የምንሠራው በሥዕሉ ነው፣ ተዘቅዝቆ የተቀመጠ ሥዕል ደግሞ ለጠያቂው አይታይም፤ ያኔ ሁሉ ነገር በካርታ አንባቢው ቃል ላይ ይወድቃል። የተንጠለጠለው ሰው ሲገለበጥ ቆሞ የሚሄድ መምሰሉ ግን ሁልጊዜ ያስቀኛል።

የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ የከፋው ነው። ትክክለኛው ጥቅል ካለ የማይጠየቅ ጥያቄ የለም ይላሉ ጸሐፊዋ። በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ ለእያንዳንዳችሁ ለብቻ የተጻፈ የባሕርይ መግለጫ ነው ብሎ አንድ ዓይነት ወረቀት አደላቸው፤ ተማሪዎቹ ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከአምስት ነጥብ ሲሰጡ አማካዩ 4.26 ሆነ። ውጤቱን በ1949 አሳተመው። እነዚያ ተማሪዎች በሐዘን ወይም በሕመም ምክንያት የተሰበሰቡ አልነበሩም፤ እንዲያም ሆኖ ለማንም የሚሆነውን ቃል የራሳቸው አድርገው ተቀበሉት። ውጤቱን የሚጠብቅ በሽተኛ ወይም ወሬ የምትጠብቅ እናት ካርታ አንባቢው የጣለውን ቃል እንዴት አጥብቀው እንደሚይዙት ከዚህ መገመት አያዳግትም። ይድናል ብትሏቸው መድኃኒት ሊያቆሙ ይችላሉ፤ አይድንም ብትሏቸው የቀረውን ጊዜ ትወስዱባቸዋላችሁ። ሥዕሉ የመልአክም ይሁን የአፅም ለውጥ የለውም።

ወንድሙ ወደ አውሮፓ ሊሻገር ከተነሣ በኋላ ድምፁ የጠፋበት አንድ ሰው መጥቶ፣ በሕይወት አለ ወይስ የለም የሚለውን ብቻ ንገሪኝ ብሎኝ ያውቃል። ገንዘቡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ነበር። ካርታ አልዘረጋሁለትም፤ ለዚህ የሚሆን ጥቅል እንደሌለኝ፣ ማንም እንደሌለው ነገርኩት። ቀይ መስቀል በስደት የተለያዩ ቤተሰቦችን የሚያፈላልግበት አገልግሎት እንዳለ አስረድቼው ቅጹን አብረን ሞላን። ወንድሙ እስካሁን አልተገኘም፤ እርሱም አልፎ አልፎ ይደውልልኛል። ጸሐፊዋ ጽሑፋቸውን የሚያርሙ ከሆነ፣ ስለ ቀለሙም ስለ መላእክቱም የጻፉት እንዳለ ቢቀር ግድ የለኝም፤ የማይጠየቅ ጥያቄ የለም የሚለውን የመጨረሻ አንቀጻቸውን ግን እንዲያወጡት በአክብሮት እጠይቃቸዋለሁ።